የፋይስቲ ካርድ

ንቢት ሐሙስ ጠዋት ከመቀመጫዋ ስምንት ጊዜ ተነሣች። አንዴ መስኮት ልትከፍት፣ አንዴ የከፈተችውን ልትዘጋ፣ አንዴ እርሳስ ልትቀርጽ፤ የቀሩትን አምስቱን ለምን እንደተነሣች እሷም አታውቀው። ፊት ለፊቷ የሚሠራው ባለዲግሪው ቀና ሳይል፣ «ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?» አላት።

«ወንበሩስ ደህና ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ነው አላስቀምጥ ያለኝ።»

«እኔ ነኝ?»

«ካርዱ። አንተ ደግሞ ዝናብ ቢዘንብ እንኳ ስለ አንተ ይመስልሃል።»

ሥራቸው መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ ገዛ ቋንቋቸው፣ እንደ ምስር እየለቀሙ፣ ቃል በቃል። ቤቱ ደረጃው ሲረገጥ የሚያቃስት አሮጌ ፎቅ ነው። ሠራተኞቹ አራት ናቸው፤ ዋና አዘጋጁ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው፤ ታይፒስቷ፣ ሁሉም እትዬ የሚላት፤ ባለዲግሪው፤ እና ንቢት። ንቢት ያሏት ትንሽ ስለሆነች፣ ስለማታርፍና አፏ ስለሚናደፍ ነው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ እናቷን ስታስታምም፣ እንግሊዝኛውን የተማረችው ሽፋን ከሌለው መዝገበ ቃላት ነው፤ ያውም የመጀመሪያዎቹን ገጾች አይጥ የበላው። ስለዚህ በኤ እና በቢ የሚጀምሩትን ቃላት በወጉ ካወቀች ገና አራት ዓመቷ ነው። ከሲ ወዲያ ግን የሚያህላት የለም፤ እሷም ይህን ለማንም አትደብቅም።

የቤቱ ሕግ ሁለት ነው። አንደኛው፣ እያንዳንዱ ቃል የመዳፍ ስፋት ባለው ወፍራም ካርድ ላይ ይጻፋል፤ ፍቺው፣ መነሻው፣ ምሳሌው። ምሳሌ አይፈጠርም። ሰው ተናግሮት ወይም ጽፎት መገኘት አለበት፤ ማን፣ የት፣ መቼ ተብሎ ይመዘገባል። ካርዱን የጻፈው ሰው ጋሼ ፊት ቆሞ ጮክ ብሎ ያነባል፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ከተዋጠላቸው ይፈርማሉ። ያልተፈረመ ካርድ ማተሚያ ቤት አይሄድም። ሁለተኛው ሕግ፣ ሁለተኛ ዓይን ያላየው ወረቀት ከቤቱ አይወጣም። ከጸሐፊውና ከታይፒስቷ ሌላ አንድ ሰው አንብቦ ከታች ጥግ ላይ ይፈርምበታል፤ ከተጠራጠረ ዳር ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ለጸሐፊው ይመልሳል።

የኤፍ ፊደል የሚያልቀው በዚያ ሐሙስ ነበር። ከስድስት መቶ ምናምን ካርድ አንድ ቀርቶ ነበር፤ ፋይስቲ የሚለው፤ የንቢት ድርሻ። ንቢት በእርሳስ «ንቁ፤ ደፋር፤ እጅ የማይሰጥ» ብላ ጽፋ፣ ፍቺው እንደ ጠባብ ጫማ እየቆረቆራት ነው ስትነሣ ስትቀመጥ የዋለችው።

ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ አምስት ወረቀት ይዛ መጣችና የንቢት የወረቀት ትሪ ላይ ጣል አደረገችላት። «ቶሎ ዓይንሽን ጣይባቸው የኔ ልጅ፤ የአስተዳደር ቦርዱ ሾፌር አሥር ሰዓት ላይ ይወስዳቸዋል» ብላ፣ የቀዘቀዘ ሻይዋን ወደምታሞቅበት ሮጠች።

የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች ሁለተኛ ዓይን ንቢት ነች፤ ሁለት ዓመት ሆናት። ስለዚህ ጋሼ ስለ ንቢት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ሲጽፉ፣ ደብዳቤው የለመደውን ቦይ እንደሚከተል ውኃ ቀጥ ብሎ መጥቶ ንቢት ትሪ ውስጥ ገባ። እትዬም ልብ አላለች፤ ጋሼም ልብ አላሉ። ሕግ ሲበዛ ሰው ማሰብ ይተዋል።

ደብዳቤው አራተኛው ወረቀት ነበር። ቦርዱ በማግስቱ ይሰበሰባል፤ አንድ ቋሚ የሥራ መደብ አለ። ንቢት ሦስት ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ ናት። ቦርዱ ደግሞ ዲግሪ የሚወድ ቦርድ ነው፤ ዲግሪ የሌላትን ሴት ቋሚ የሚያደርጋት ከጋሼ የሚሄድ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ነው። ንቢት አነበበችው።

«ለሦስት ዓመት አብራን ሠርታለች። ካርዶቿ ንጹሕ ናቸው። ምንም እንኳ ፋይስቲ ብትሆንም ሁላችንም ወደናታል፤ ቋሚ ብትሆን ደስ ይለናል።»

መጀመሪያ ደረቷ ሞቀ። ጋሼ በሦስት ዓመት ውስጥ ያመሰገኑላት አንድ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው፤ እሱንም ቆይተው ሰርዘውታል። አሁን ግን በሰው ፊት፣ ያውም በቦርድ ፊት፣ ንቁ፣ ደፋር፣ እጅ የማትሰጥ አሏት። ብዕሯን አንሥታ ጥጉ ላይ ልትፈርም ስትል እጇ ቆመ። ያቆማት «ምንም እንኳ» የሚለው ነው። ምስጋና ምንም እንኳ ምን ያደርግለታል? ወደናታል፣ ምንም እንኳ ደፋር ብትሆንም የሚል ሰው የትኛው ነው?

ዘጠነኛ ጊዜ ተነሣች። ከመደርደሪያው ላይ ትልቁን አሮጌ መዝገበ ቃላት፣ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሣውን፣ አውርዳ መስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋችው። ፊደሉ እንደ ጉንዳን የደቀቀ ነው። ቃሉ መነሻው ውሻ ነበር። ፋይስት ይሉታል አሜሪካኖቹ፤ ትንሽ፣ ዘሩ የማይታወቅ፣ ከእሱ የሚበልጠው ሁሉ ላይ የሚጮህ ውሻ። ከዚያ በፊት ደግሞ ውሻው የሚገማ ውሻ ነበር። ከሁሉም ሥር ያለው የጥንት እንግሊዝኛ ግስ ትርጉሙ በአጭሩ መፍሳት ነው። ሌላ የድሮ መጽሐፍ ደግሞ አሮጊት ወይዛዝርት የገዛ ራሳቸውን ጥፋት በጭናቸው ላይ በተኛው ቡችላ ያሳብቡ እንደነበር ጽፎ ቆይቷል።

ባለዲግሪው በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ሲያነብ ቆይቶ ሳቁ አፈነው። «ታዲያ ይኼ የእኛው አይደለም? ፈስ፣ ፋይስት። እንግሊዞቹ ከእኛ ተበድረው ዝም ብለዋል።»

«ዝምድና የላቸውም። መልክ ስለተመሳሰለ ዘመድ አይኮንም። ቢሆንማ አንተም ከምሁር ትቆጠር ነበር።»

«አየሽ፣ ፋይስቲ ማለት ይኸው ነው። ካርዱ ላይ ፎቶሽን ለጥፊና እንገላገል።»

ንቢት ወደ እሱ ዞረች። «እስቲ ልጠይቅህ፤ አንተን ፋይስቲ ያለህ ሰው አለ?»

«እኔን?» ቁመቱን እንደ መለካት ብሎ ቀና አለ። «እኔን አይሆነኝም።»

«ለምን አይሆንህም? ደፋር አይደለህም?»

«ነኝ። ግን እኔን… እኔን ደፋር ይሉኛላ።»

«ጋሼንስ?»

«ጋሼን? ማን አባቱ ነው ጋሼን ፋይስቲ የሚል?» ካለ በኋላ የገዛ መልሱ ጆሮው ውስጥ የቀረ ይመስል ወደተዘረጋው መጽሐፍ ተመለከተ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ምን ሆነሻል ዛሬ?» አላት።

መሳቢያዋን ከፍታ ለዚህ ቃል የሰበሰበቻቸውን ቁርጥራጭ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ካገኘችው ጋዜጣ፣ ከሰማችው ሬዲዮ፣ ከቱሪስት አፍ ሳይቀር የለቀመቻቸው አሥራ አንድ ምሳሌዎች ናቸው። ሰባቱ ስለ ሴት ናቸው። አንዱ ሆስፒታል ተኝቶ ከነርሷ ጋር ስለሚጣላ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ፤ አንዱ ስለ ድመት፤ አንዱ ትልቁን ቡድን ስላስጨነቀ የመንደር ቡድን፤ አንዱ ስለ ልጅ። ጄኔራል የለም። ዳኛ የለም። የባንክ ሥራ አስኪያጅ የለም። የሚፈራ ሰው አንድም የለም። ሁሉም ቢጮሁ የማይነክሱ፣ ቢነክሱም የማያቆስሉ ናቸው፤ ስለ እነሱ የሚያወራው ሰው ደግሞ እያንዳንዱን በፍቅር፣ ግን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያየው። አሥራ ሁለተኛዋ እሷ ነች፤ በጋሼ እጅ፣ በጋሼ ፊርማ።

በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግራ እህቷ ዘንድ ሄደች። እታለም ከፎቁ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሁለት ልጆችና አንድ ባል አሏት፤ አንድ ሶፋም አላት፤ ሶፋው ላይ ሦስት ዓመት ንቢት ትተኛለች። ቋሚ ስትሆን የራሷን ክፍል ትከራያለች፤ ውሉ ይኸው ነው፤ ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ንቢት በዩኒፎርም ክምር መሀል ወዲህ ወዲያ እያለች ነገሩን ከውሻው ጀምራ ነገረቻት። እታለም መርፌውን ሳታቆም ሰማቻት።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«ቋሚ ይበሏት ይላል አይደል ደብዳቤው?»

«ይላል።»

«ታዲያ ውሻም ይበሉሽ፣ የውሻ አክስትም ይበሉሽ፣ ፈርመሽ ስጫቸው።»

«እታለም፣ የማያስፈራ ነገር ነው የሚሉኝ። ቡችላ ሲጮህ ታቅፊው፣ ታሻሺው የለ? እንደዚያ ነው።»

«ማን ያውቀዋል? እኔ አላውቀው፤ ባሌ አያውቀው። አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው።» ጨርቁን አዙራ ሌላውን ጎን ማሽኑ ሥር አስገባች። «ውሻ በበላበት ይጮሃል ይላሉ። አንቺ ደግሞ በበላሽበት ትነክሻለሽ። ትምህርት ቤቱንም በአፍሽ ነው የተጣላሽው።»

«ትምህርት ቤቱን በእማዬ ነው የተውኩት።»

መርፌው ቆመ። እታለም ቀና ብላ አየቻት፤ ከዚያ የተናገረችውን እንደ ክር በጥሳ ጣለችው። «እሱስ ልክ ነሽ። ይቅር በይኝ። ግን ልጆቹ አድገዋል የኔ እህት። ትልቁ ሳሎን ውስጥ ልብሱን ለመለወጥ እያፈረ ነው። አንገት ደፍቶም ቢሆን በሩን ማለፍ ነው፤ ካለፍሽ በኋላ ቀና ማለት ማን ይከለክልሻል?»

ንቢት መሬት የወደቁ የልብስ ቁልፎችን ለቅማ የቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ጨመረችና ወጣች።

ስትመለስ ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥታ ሁለት ጊዜ ወረደች። በሦስተኛው ገብታ ተቀምጣ ሁለት ካርድ ጻፈች። አንደኛው ላይ ጠዋት የነበረውን፣ ንቁ፣ ደፋር፣ እጅ የማይሰጥ ብላ፣ የመንደሩን ቡድን ምሳሌ አድርጋ። ማንንም አይነካም፤ ስህተትም የለበትም፤ ግማሽ እውነት ብቻ ነው። ሁለተኛው ላይ ጊዜ ወሰደች፤ ሦስት ጊዜ ቀደደች፤ አራተኛው ተረፈ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለዲግሪው የተፈረሙትን የኤፍ ካርዶች በሳጥን ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት ሲሄድ፣ «የአንቺን ነገ አደርሳለሁ፤ ዛሬ ግን ከጋሼ ፊርማ ተቀበይ» ብሏት ወጣ። ሁለቱን ካርዶችና ደብዳቤውን ይዛ የጋሼን በር አንኳኳች።

ጋሼ ወንበራቸው ላይ ወደ ኋላ ተደግፈው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አንብቢው እስቲ።»

ንቢት የትኛውን እንደምታነብ እስከዚያች ደቂቃ አልወሰነችም ነበር። አፏ ወሰነላት።

«ፋይስቲ። ቅጽል፤ የንግግር ቃል። በአካሉ፣ በዕድሜው ወይም በቦታው ትንሽ ሆኖ፣ አቅም የለውም እየተባለ፣ የማይፈራ፤ ከክርክር የማይመለስ። ብዙ ጊዜ በፍቅር ይባላል፤ የሚለው ሰው ግን ከሚባለው ከፍ ብሎ ቆሞ ነው። የሚፈሩትን ሰው አይሉትም። መነሻው፣ ትንሽ ጯሂ ውሻ፤ ከዚያ በፊት የሚገማ ውሻ፤ ከዚያ በፊት መፍሳት።»

«ጥሩ ነው» አሉ ጋሼ፣ እንደ ጨፈኑ። «የሚለው ሰው ከፍ ብሎ ቆሞ ነው ያልሽው ጥሩ ነው። ምሳሌው?»

«‹ምንም እንኳ ፋይስቲ ብትሆንም ሁላችንም ወደናታል።›»

«ምንጭ?»

«ዋና አዘጋጁ፤ ለቦርዱ የጻፉት ደብዳቤ፤ የዛሬ ቀን።»

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው መልሰው አዩዋት፤ በጣም ሩቅ እንዳለ ሰው አዩዋት።

«ደብዳቤውን ማን ሰጠሽ?»

«ትሪዬ ላይ መጣ ጋሼ። ሁለተኛ ዓይን እኔ ነኝ።»

«የገዛ ደብዳቤሽን ላንቺው?» ወደ በሩ አዩ፤ ከበሩ ወዲያ የእትዬ ጣቶች ቁልፎቹን ሲመቱ ይሰማል። ሊቆጡ የነበረ ይመስላል፤ ግን ቁጣው የሚያርፍበት አጣ። ሕጉ የራሳቸው ነው። «እኔ በፍቅር ነው የጻፍኩት» አሉ በመጨረሻ።

«ካርዱም በፍቅር ይላል። አልካድኩም።»

«ውሻውን አስቤም አላውቅ። ዛሬ ቃሉን በሚናገር ሰው አፍ ውስጥ ውሻ የለም። መነሻ ሌላ፣ ፍቺ ሌላ፤ ይኼን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«ውሻውን እኮ በመነሻው መስመር ነው ያሰርኩት፤ ፍቺው ውስጥ አላስገባሁትም። ከፍ ብሎ የቆመው ሰው ግን ዛሬም አለ። ባለዲግሪውን ጠየቅኩት፤ ጋሼን ማን አባቱ ነው እንደዚያ የሚል አለኝ።»

ጋሼ ሳይወዱ ከንፈራቸው ጫፍ ተንቀሳቀሰ። እጃቸውን ዘርግተው ካርዱን ተቀበሏት። እንደ ሁልጊዜው ቀዩን እርሳስ አነሡ። «አቅም የለውም እየተባለ» የሚለውን ሰርዘው «አቅም የለውም ተብሎ እየተገመተ» አደረጉት። ምሳሌው ላይ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ ፈረሙ፤ ምንጩን፣ የራሳቸውን ማዕረግ፣ እንዳለ ትተውት።

«ካርዱ ልክ ነው» አሉ። «አሁን ወደ ደብዳቤው።» ሰዓቱን አዩ፤ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። ከታች የቦርዱ ሾፌር የመኪናውን በር ሲዘጋ ተሰማ። «ልለውጠው እችላለሁ። ግን የተለወጠ ደብዳቤ ሁለተኛ ዓይን ይፈልጋል፤ እትዬ ታይፒስቷ ናት፣ አይሆንም፤ ባለዲግሪው ማተሚያ ቤት ነው። አንቺ ደግሞ ባለጉዳይ ነሽ፤ ከእንግዲህ ስለ ራስሽ የተጻፈ አንድ መስመር አታነቢም። ይኼኛው ግን በስህተትም ቢሆን አንዴ አይተሽዋል። ፈርሚበትና ይሂድ፤ ነገ ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ሰብሳቢው ቃሌን አይጥሉም። ወይ አዲስ እጽፋለሁ፤ እሱ የሚደርሰው ለሚቀጥለው ስብሰባ ነው። ሦስት ወር። መደቡን እስከዚያ ያቆዩልሽ እንደሆነ አላውቅም፤ አልዋሽሽም።»

ንቢት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። ሶፋው ታያት፤ በር ጥግ ሸሚዙን ይዞ የሚያቅማማው የእህቷ ልጅ ታያት። ብዕሯ ጥጉ ላይ ደረሰ። ቦርዱ ውስጥ ያለ አንድም ሰው ውሻውን አያውቅም፤ እታለም ልክ ናት። ነገር ግን ቦርዱ ሲያነበው፣ ሰብሳቢው ፈገግ ሲሉ ታዩዋት፤ ልክ ለዚያ ሽማግሌ፣ ልክ ለዚያች ድመት ፈገግ እንደሚባለው። ከዚያ በኋላ በዚህ ቤት ስትከራከር፣ ልክም ብትሆን፣ ያው ፈገግታ ነው የሚጠብቃት። ቋሚ ትሆናለች፤ ፈገግታውም አብሮ ቋሚ ይሆናል።

ብዕሯን ከጥጉ አንሥታ ወደ ዳሩ ወሰደችው። «ምንም እንኳ» ከሚለው ትይዩ የጥያቄ ምልክት አደረገች፤ ወረቀቱን አዙራ ወደ ጋሼ ገፋችው።

«በምን ቃል ልተካው?» አሉ ጋሼ።

«እሱን እኔ አልነግርዎትም። የራሴን ምስክርነት ራሴ አልጽፍም።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እሺ» ማለታቸው ይሁን «እልኸኛ»፣ ንቢት አልለየችውም። ሾፌሩ አራቱን ወረቀቶች ይዞ ሲሄድ በደረጃው መስኮት አየችው። የመኪናው ጭራ እስኪታጠፍ ቆመች፤ ከዚያ ሮጣ ጠርታ ልታስቆመው ሁለት ደረጃ ወረደች። ቆመች። ተመለሰች።

ሥራ ሲለቀቅ እታለም ዘንድ ገባች። ከበሩ ሳታልፍ ነገረቻት፤ በሁለት ዓረፍተ ነገር። እታለም ማሽኑን አጠፋች፤ ይህ ደግሞ ከስድብ ይከብዳል። መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ከታ፣ ክሩን ጠቅልላ፣ የተሰፋውን ቆጥራ ጨረሰች።

«ሦስት ወር» አለች።

«ሦስት ወር። መደቡ ካልተያዘ።»

«ለልጁ መጋረጃ እሰፋለታለሁ እንግዲህ።» አልተቆጣችም፤ ደክሟት ነበር። ቀጥላም፣ «አዲሱ ደብዳቤ ላይ ምን ብለው ጻፉሽ?» አለቻት።

«አላውቅም። ጽፈው ፖስታ ውስጥ አሽገውታል፤ ባለዲግሪው ነው የሚያየው።»

«የባሰ ቢሆንስ?»

«ሊሆን ይችላል።»

«ጠይቂያቸዋ።»

«አልጠይቅም።»

እታለም ወንበሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ አቀረበችላት። «ተቀመጪ። እያዞርሽኝ ነው።»

ንቢት ወንበሩን አየችው። ከዚያ የተሰፋውን ዩኒፎርም ክምር በሁለት እጇ አቅፋ አነሣችና፣ «የት ላድርስልሽ?» አለች።